አተት ወይስ ኮሌራ?

አወያይ፦ መንግሥት ለዓመታት «አተት» (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) ሲለው የኖረውን ወረርሽኝ በ2011 ዓ.ም. «ኮሌራ» ብሎ በይፋ ጠራው። የቀድሞው አጠራር ጥንቃቄ ነበር ወይስ ሽሽት?

ነርስ፦ ጥንቃቄ ነበር ባይ ነኝ። አተት የምልክት ስም ነው፤ ብዙ ተሕዋስያን ያመጡታል። ኮሌራ ግን ቪብሪዮ ኮሌራ የተባለው ባክቴሪያ በሰገራ ናሙና ላይ ሲገኝ የሚረጋገጥ በሽታ ነው። ደግሞም መሐሉ በተቀደደው አልጋ ላይ ለተኛ ሕመምተኛ ስሙ አይፈይድለትም። ከሥሩ ያለው ባልዲ የሩዝ እጣቢ በሚመስል ፈሳሽ ይሞላል፤ እኛ የወጣውን ለክተን ያንኑ ያህል በኦአርኤስ (በውሃ ተበጥብጦ በሚጠጣ የጨውና የስኳር ቅመም) ወይም በደም ሥር እንተካለን። በጊዜ ከደረሰ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞትም።

አትክልት ነጋዴ፦ እግዚአብሔር ይስጥሽ እህቴ። በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አተት ተብሎ እንኳ ሰላጣ የሚገዛን አጥተን ስንት ጆንያ ደፍተናል። ያኔ ኮሌራ ቢባል ኖሮ ሱቄን ዘግቼ ነበር። ፔሩም በ1991 እ.ኤ.አ. ኮሌራ ሲገባባት የዓሣ ገዢዎቿ ሸሽተዋታል።

የኅብረተሰብ ጤና ተማሪ፦ ሁለታችሁም ክትባቱን ዘነጋችሁት። ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአደጋ ጊዜ የተከማቸ ዓለም አቀፍ የኮሌራ ክትባት አለ፤ ከዚያ ለመውሰድ ግን ወረርሽኙ ኮሌራ መሆኑን ማስረዳት ግድ ነው። በአተት ስም ክትባት አይጠየቅም። የሚገርመው፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ሻሸመኔ ላይ የኮሌራ ክትባት በዘመቻ ተሰጥቶ ነበር፤ በዓመቱ ወረርሽኙ ሲነሳ መግለጫው «አተት» አለ። ሲከተቡለት የሚታወቅ፣ ሲገድል የሚረሳ ስም!

አትክልት ነጋዴ፦ ወንድሜ፣ የእኔን ኪሳራ ክትባት አይከፍለውም።

የቋራ ልጅ፦ የእኛን አካባቢ ላንሳ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በርሜል ጊዮርጊስ ጠበል ላይ ኮሌራ ገብቶ ነበር። ጠበሉ ዘንድ ሰው ከየአቅጣጫው ይመጣል፤ ተጠምቆ በአውቶቡስ ተጭኖ ይመለሳል። በሽታው እስከ 5 ቀን ምልክት ሳያሳይ ሊቆይ ስለሚችል ብዙውን የሚጥለው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። አባቴን በስልክ «አተት አለ፣ ይጠንቀቁ» ስላቸው «ሆድ ለማን ያልታመመ!» ብለው ሳቁብኝ። «ኮሌራ ነው» ስላቸው ግን ያንኑ ማታ የመጠጥ ውሃ አስፈሉ።

ነርስ፦ ስለ ክትባቱ አልከራከርም። ነገር ግን ናሙናው ከጤና ጣቢያ ወጥቶ ውጤቱ እስኪመለስ ቀናት ይፈጃል። እስከዚያ መዝገቡ ላይ ምን ልጻፍ?

የኅብረተሰብ ጤና ተማሪ፦ የጠረጠርሽውን ነዋ። «የተጠረጠረ ኮሌራ» የሚባል ምድብ አለ፤ መግለጫ ሰጪዎቹስ «የተጠረጠረ» የምትለዋን ቃል ለመጨመር ምን ከለከላቸው?