ለጨረታ ብቻ የሚሆን ትንሽ ድረ ገጽ፦ ድሩፓል ይሻላል?

ጠያቂው፦
ጤና ይስጥልኝ። የመሥሪያ ቤታችን ድረ ገጽ የኃላፊዎች የፎቶግራፍ አልበም ሆኗል፤ ጨረታ ፈላጊ ከሪባን ቆረጣው ሥር ይቆፍራል። ለጨረታ ብቻ የሚሆን ትንሽ ድረ ገጽ በክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ልሠራ አስቤአለሁ። የድረ ገጽ መሥሪያና ማስተዳደሪያው ድሩፓል ይበጀኛል?

አሮጌው ፕሮግራመር፦
ድሩፓል ጠንካራ ነው። ዋይት ሐውስ እ.ኤ.አ. በ2011 የከፈተው የአቤቱታ ድረ ገጽ፣ «ዊ ዘ ፒፕል»፣ የተሠራው በእርሱ ነው፤ ኮዱም በ2012 ለሕዝብ ተለቅቋል። ያ ግን ፊርማ ይሰበስብ ነበር። እርስዎ የሚለጥፉት ማስታወቂያ ነው፤ ገጾቹን አስቀድሞ አዘጋጅቶ የሚያስቀምጠው ሁጎ ይበቃዎታል። የመረጃ ቋት ስለሌለው ለሰርጎ ገቦች ቀዳዳው ጠባብ ነው፤ በደካማ ኔትወርክም ቶሎ ይከፈታል። ደግሞ እባክዎ፣ ማህተም የተመታበትን ወረቀት ስካን አድርገው ብቻ አይጫኑ! ጽሑፉ በፍለጋ አይገኝም፤ በስልክም አይነበብም።

ሰናይት፦
እንግሊዞች በተቃራኒው ሄደዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የመሥሪያ ቤቶችን ድረ ገጾች እየዘጉ ወደ አንድ የጋራ የመንግሥት ድረ ገጽ፣ ወደ ጎቭ ዩኬ፣ ሰብስበዋል። እርስዎ ቢዛወሩ ማን ያድሰዋል?

ጠያቂው፦
የግዥ ክፍል ባልደረባዬ። እርሷ ግን ከኮድ ጋር መታገል አትፈልግም።

አሮጌው ፕሮግራመር፦
እንግዲያው ኮድ ሳይነኩ የሚጽፉበትን ዎርድፕረስ ያድርጉት፤ ተጨማሪ ፕለጊን (ቅጥያ ፕሮግራም) አያብዙ፣ የደኅንነት ማሻሻያው ሲወጣም ሳይውል ሳያድር ይጫኑ።