ሾፌሬ ክስ በዝቶበታል፣ ኢንሹራንሱ በዚህ ነው የጨመረው?

ጠያቂ (ደብረ ማርቆስ)፦ ሰላም ወገን። ማርቆስ ባሕር ዳር የሚሠራ ሚኒባስ አለኝ። ሾፌሩ እጁ ጥሩ ነው፣ እግሩ ግን ከባድ ነው፤ ፍኖተ ሰላም ላይ ትራፊክ ሳይከሰው አያልፍም። ዘንድሮ ደግሞ ቡሬ መናኸሪያ ወደ ኋላ ሲወጣ ባጃጅ ገጨ፣ ከዚያ በፊትም ስፖኪዮ አሠርተናል። ሁሉንም ኢንሹራንሱ ከፈለ። አሁን ላሳድስ ስሄድ አረቦኑን (የዓመቱን የኢንሹራንስ ክፍያ) ቆልለው ጠበቁኝ። የትራፊክ ቅጣቱን አይተው ነው? ሌላ ጋ ብሄድስ?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ ኢንሹራንስ ቤት ሠርቻለሁ። በዋናነት የሚታየው የክስ ወረቀቱ ሳይሆን ክሌሙ ነው፣ ማለትም ክፈሉልኝ ብለህ ያቀረብከው ጥያቄ። ዓመቱን ምንም ሳትጠይቅ ከጨረስክ ቅናሽ አለህ፣ ያን ቅናሽ በአንዲት ስፖኪዮ ታጣዋለህ፤ ከደጋገምክ ደግሞ ጭማሪ ይመጣል፣ ተቀናሹም (ከጉዳቱ አንተ ራስህ የምትችለው ድርሻ) ከፍ ይላል። ስለዚህ ትንንሹን ከኪስህ ጨርስ። ሰው የተነካበትን ግን እንዳትደብቅ፣ ወዲያው አሳውቅ! ደግሞ ዋጋውን ለያይተው ይንገሩህ። የሦስተኛ ወገኑ (በሌላ ሰው ላይ ላደረስከው ጉዳት የሚከፍለው) በአዋጅ 799/2005 ግዴታ ነው፣ ታሪፍም አለው። ብዙውን ጊዜ የሚቆለለው የራስህንም መኪና በሚሸፍነው ሙሉ ዋስትና ላይ ነው።

መልስ 2፦ ክሱን ግን አታቅልለው። ጥፋቱ ሲጠራቀም መንጃ ፈቃድ ይታገዳል። በታገደ መንጃ ፈቃድ ከገጨ፣ ኢንሹራንሱ ለተጎጂው ከፍሎ ወደ አንተ ነው የሚዞረው፤ የራስህን መኪና ጥገናማ እርሳው። እኔ ከባድ መኪና ነው የምነዳው። ከደጀን ዓባይ በረሃን ስትወርድ በማርሽ ይዞ የሚወርደውንና ፍሬኑ እየሸተተ የሚያልፍህን በአፍንጫህ ትለየዋለህ። ያንተኛው ከየትኛው ነው?

መልስ 3፦ ሌላ ድርጅት መሄድ መብትህ ነው፣ አጠያይቅ። ግን ፎርሙ ላይ ያለፈ አደጋ ይጠይቁሃል፣ "የለም" ብለህ እንዳትሞላ። ሆን ብለህ ከዋሸህ በ1952ቱ የንግድ ሕግ ውሉ ዋጋ ያጣል፤ ያን ጊዜ አረቦን ስትከፍል ከርመህ በችግርህ ቀን ባዶ እጅህን ትቀራለህ። ይልቅ "ተቀናሹን ከፍ አድርጉት፣ አረቦኑን ቀንሱልኝ" በላቸው፣ አንዳንዶቹ ይደራደራሉ።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ሾፌሩን ግን ምን ላድርገው? ልቀይረው ብል መንገዱን እንደሱ የሚያውቅ አላገኝም።

መልስ 2፦ ቅጣቱን ማን ነው የሚከፍለው?

ጠያቂ፦ እኔ ነኛ፣ ማን ይከፍላል።

መልስ 2፦ በል መጀመሪያ እሱን ራሱ ይክፈል። አረቦኑን ኋላ እናወራለን 😄