ሱረቱል ፊልን ለአብርሃ ታሪክ ምንጭ አድርጎ መጥቀስ ይቻላል?

ጀማሪ አጥኚ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በ6ኛው መቶ ዓመት የመንን ስለ ገዛው ክርስቲያን ንጉሥ ስለ አብርሃ አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። 105ኛውን የቁርኣን ሱራ (ምዕራፍ)፣ ሱረቱል ፊልን (የዝሆኑን ሱራ)፣ በታሪክ ምንጭነት ልጥቀሰው? አንዱ «የሃይማኖት መጽሐፍ ስለሆነ አይቆጠርም» ይላል፤ ሌላው «ቁርኣን ከተናገረ ሌላ ማስረጃ ለምን?» ይላል። የመኑ የሙረይጋን የዐለት ጽሑፍስ ያግዘኛል?

አቡ ነስር፦
ወንድም፣ መጀመሪያ ተፍሲሩን (የቁርኣን ማብራሪያውን) ዘግተህ አምስቱን አያዎች (አንቀጾች) ብቻ አንብብ። አብርሃ የሚል ስም የለም፣ መካም ካዕባም አልተጠሩም። ያሉት የዝሆኑ ባለቤቶች፣ በመንጋ የመጡ ወፎች፣ የሲጂል (የተጠበሰ ሸክላ) ድንጋይና እንደ ተበላ ገለባ የሆኑ ሰዎች ናቸው። ስሙን፣ ቦታውንና ዓመቱን የምታገኘው ከሲራ፣ ማለትም ከነቢዩ የሕይወት ታሪክ፣ እና ከተፍሲር ነው። የሲራው ጸሐፊ ኢብን ኢስሐቅ ያረፈው በ767 እ.ኤ.አ. አካባቢ ነው፤ ሥራውን አሳጥሮ ያቆየልን ኢብን ሂሻም ደግሞ በ833 ገደማ። ስለዚህ «አብርሃ መካን ሊያፈርስ እንደ ዘመተ ቁርኣን ይናገራል» ብለህ ከጻፍክ ጥቅስህ ተሳስቷል፤ ተናጋሪው ሲራው ነው።

ሱራው ግን ለታሪክ ሰው ባዶ አይደለም። «አላየህምን?» ብሎ ይጀምርና እነማን እንደሆኑ ሳያስረዳ ያልፋል። ሰሚው ወሬውን ቀድሞ ባያውቅ ኖሮ እንዲህ አይነገርም። እንግዲህ በ7ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሒጃዝ (የመካና የመዲና አካባቢ) ውስጥ የዝሆን ጦር ትዝታ ነበር ማለት ትችላለህ። የወፎቹ ጉዳይ የእምነት ነው፤ የታሪክ ዘዴ አያጸድቀውም፣ አይሽረውምም።

የድንጋይ ፊደል፦
ሙረይጋን ዛሬ ያለው ደቡብ ሳዑዲ ውስጥ ነው እንጂ የመን አይደለም። ጽሑፉ በሳባ ቋንቋ ነው፤ «በረሕማንና በመሲሑ ኃይል» ብሎ ይጀምራል፣ አብርሃንም ንጉሥ ይለዋል። የበኒ ዓሚር ጎሳ ስላመፀ መዓድ በሚባሉት የዐረብ ጎሳዎች ላይ እንደዘመተ፣ ሐሊባን ከሚባል ቦታም እንደተመለሰ ይተርካል። ዓመቱ በሒምያር (በጥንቱ የየመን መንግሥት) አቆጣጠር 662 ነው፤ 110 ቀንስለት፣ 552 እ.ኤ.አ. ይመጣል።

ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው፤ «የዝሆኑ ዘመቻ በድንጋይ ተረጋገጠ» ይላሉ። ጽሑፉ ዝሆን አይልም፣ መካንም አያነሳም፣ የሚያወራውም ድል ነው። ንጉሥ ደግሞ ሽንፈቱን ዐለት ላይ አያስቀርጽም፤ ስለዚህ ዝምታው የመካውን ዘመቻ አልነበረም አያሰኝም። የሚያረጋግጥልን አብርሃ በዚያ ዘመን ወደ መካከለኛው ዐረቢያ ጦር የማዝመት አቅም እንደነበረው ነው። ከዚያው ሥፍራ በኋላ የተገኘ ሌላ ጽሑፍ ሥልጣኑ ከደረሰባቸው ቦታዎች መካከል የስሪብን (የዛሬዋን መዲና) ይጠራል፤ እኔን ብትጠይቀኝ ለአንተ ከፊተኛው ይልቅ ይህኛው ይጠቅማል።

ጀማሪ አጥኚ፦
አመሰግናለሁ። 552 ከሆነ ታዲያ «የዝሆኑ ዓመት 570» የሚባለው ምን ይሁን? ደግሞስ ሱራው ራሱ ኋላ የተጻፈ ነው የሚሉትን ምን ልበል?

አቡ ነስር፦
በ570 አትጨነቅ። ዘገባዎቹ ራሳቸው አይስማሙም፤ ነቢዩ በዚያው ዓመት ተወለዱ የሚለው ገንኖ ወጣ እንጂ ከዝሆኑ 23 ዓመት በኋላ፣ 40 ዓመት በኋላ የሚሉም አሉ። ሁሉንም ከነተራኪው ጻፍ፣ አንዱን መርጠህ ሌላውን አትደብቅ።

ሱራው ኋላ ተጻፈ ለሚሉት ደግሞ፣ እንግሊዝ በርሚንግሃም ያሉት ሁለት የቁርኣን ብራና ቅጠሎች በካርበን ምርመራ ከ568 እስከ 645 ባለው ጊዜ ውስጥ ወድቀዋል፣ በ95.4 በመቶ እርግጠኝነት። ሁለት ጥንቃቄ ግን አለው። ምርመራው የሚነግርህ እንስሳው የሞተበትን ጊዜ እንጂ ቀለሙ የፈሰሰበትን አይደለም። ቅጠሎቹ ላይ ያለውም ከ18ኛው እስከ 20ኛው ሱራ የተወሰደ ነው፤ ሱረቱል ፊል የለበትም። ስለ ጠቅላላው ጽሑፍ ጥንታዊነት ጥቀሰው፣ ለ105ኛው ግን ቀጥተኛ ማስረጃ አታድርገው።

የድንጋይ ፊደል፦
አንድ ነገር ልጨምር። ዓመተ ምሕረት፣ ሂጅራ፣ ሒምያርና እ.ኤ.አ. በአንድ ገጽ ሲገናኙ ከየቁጥሩ ጎን የማን አቆጣጠር እንደሆነ ጻፍ። 570 እ.ኤ.አ. በእኛ 562 ወይም 563 ነው፤ «570 ዓ.ም.» ተብሎ ታትሞ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።