ጀጎል (በግንብ የታጠረችው የሐረር አሮጌ ከተማ) ውስጥ የግድግዳ ቀለም ለምን ይላጣል?

ጥያቄ፦ የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ፕላስቲክ ቀለም ተቀብቶ በዓመቱ ተላጠ። ምን ይሻላል?

መልስ 1፦ ጥፋተኛው ፕላስቲክ ቀለሙ ነው። ጭቃው የሚያስወጣውን እርጥበት ያፍነዋል፤ ከዚያ ያብጥና ልስኑን ይዞ ይወድቃል። ፍቀህ አንሳና ኖራ ቀባ። ኖራውን ቢያንስ 1 ሳምንት ዘፍዝፈህ አጥልል፣ እንደ ወተት አቅጥን። ግድግዳው ላይ ውሃ እርጭ። 3 ስስ ቅብ፣ በየመሃሉ 1 ቀን፤ ወፍራም ከሆነ ይሰነጠቃል። ቀትር ላይ አትቀባ፤ ቶሎ ደርቆ ሳይጠነክር ይቀርና እንደ ዱቄት ይራገፋል።

መልስ 2፦ ትክክል። አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ከፈለግህ ኖራ የማያበላሸው የዱቄት ቀለም ጨምር፣ ከኖራው ክብደት 10 በመቶ አይለፍ። ጓንትና መነጽር አትርሳ፣ ኖራው ያቃጥላል።

መልስ 3፦ ግድግዳው ላይ የሚሰቀሉትን የሣር ስፌቶች ለመስቀል አትቸኩሉ (ያለ እነሱ ግን የሐረሪ ቤት ምኑን ቤት ሆነ!)። እርጥብ ግድግዳ አለላውን (ስፌቱ የተሠራበትን ባለቀለም ሣር) ያሻግታል፣ ቀለሙንም ያደበዝዛል።