የሕይወት ክህሎት በፈተና ይመዘን?

አወያይ፦
ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች «አጠቃላይ ሥነ ልቦናና የሕይወት ክህሎት» የተባለ የጋራ ኮርስ እንዲወስዱ ተደርጓል። ጭንቀትን መቋቋም፣ ንዴትን መቆጣጠር፣ በጊዜ መጠቀምና ውሳኔ መስጠት በዚሁ ኮርስ ውስጥ የተካተቱ ርዕሶች ናቸው። ለዛሬ የቀረበው ጥያቄ፣ የኮርሱ ውጤት እንደ ሌላው ትምህርት ሁሉ ከአማካይ ውጤት ጋር መደመሩ ይቀጥል ወይስ ይቅር የሚል ነው። ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ ወልዲያና ቱሉ አውሊያ ያላችሁ የቡድናችን አባላት ከርዕሱ ሳትወጡ እንድትከራከሩ ትጋበዛላችሁ።

ተማሪ፣ ኮምቦልቻ፦
ይቅር እላለሁ። የትምህርት ክፍል ምደባ የሚወሰነው በመጀመሪያ ዓመት አማካይ ውጤት በመሆኑ፣ ሕክምና ወይም ሶፍትዌር ምህንድስና መግባት የሚፈልግ ተማሪ ይህን ኮርስ የሚያየው እንደ ሕይወት ትምህርት ሳይሆን እንደ ነጥብ ማግኛ ነው። በእኛ ዶርም ከፈተናው በፊት በነበረው ሌሊት የጭንቀት መቋቋሚያ ዘዴዎችን በተራ ቁጥር ስንሸመድድ በጭንቀት አነጋን። ከመካከላችን ከሁሉ የላቀ ነጥብ ያመጣው ልጅ የውሳኔ አሰጣጥ ደረጃዎችን ቃል በቃል መዘርዘር ይችላል፤ የነን ካፌ ገንዘቡን (በግቢው ካፌ ለማይመገብ ተማሪ የሚሰጠውን የምግብ ገንዘብ) ግን ወሩ ሳይጋመስ ጨርሶ ከእያንዳንዳችን ይበደር ነበር። ታዲያ ያ ነጥብ የመዘነው ምኑን ነው?

የሥነ ልቦና መምህር፣ ደሴ፦
የተማሪው ትዝብት እውነት ነው፤ ከእርሱ የተነሣው መደምደሚያ ግን አያስኬድም። ነጥብ የሌለው ኮርስ በሁለተኛው ሳምንት ክፍሉ ባዶ ይሆናል፤ ይህን ያላየ መምህር ካለ ይንገረኝ። ከዚህ የሚከብደው ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ ዩኒቨርሲቲው ከተዘረፈ በኋላ ወደ ግቢ የተመለሱትን ተማሪዎች ያስተማረ ሰው፣ ቤተሰቡ የተፈናቀለበትና በሌሊት የሚባንን ልጅ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ምንም እንዳልሆነ ሲመስል አይቷል። እንዲህ ያለው ልጅ «አእምሮው ተነክቷል» እንዳይባል ስለሚፈራ በገዛ ፈቃዱ ወደ ምክር አገልግሎት ቢሮ አይሄድም። የግዴታ ኮርስ ግን ማንንም ለይቶ ሳያሳፍር ሁሉንም በአንድነት ያስተምራል፤ እርዳታ መጠየቅ ነውር አለመሆኑንም ልጁ የሚሰማው እዚያ ነው። ግዴታነቱን የሚያስከብረው ደግሞ ውጤቱ ነው።

ወላጅ፣ ሐይቅ፦
እኔ በሁለታችሁም አልስማማም። በእኛ አገር ይህን ትምህርት ቅሬ፣ ማለት የወሎ የመረዳጃና የቀብር ማኅበር፣ ሲያስተምር ኖሯል። ሰው ሲሞት ማን መቃብር እንደሚቆፍር፣ ማን ውሃ እንደሚያመጣ፣ ማን ከሐዘንተኛው ጋር እንደሚያድር ልጅ እያየ ያድጋል፤ ሙስሊሙ ለክርስቲያኑ፣ ክርስቲያኑም ለሙስሊሙ ሲቆም ያያል። መዋጮ በወቅቱ መክፈልን፣ የተጣላን ማስታረቅን፣ ከቀሩም ቅጣትን መቀበልን ከዚያ ይማራል። መንግሥት ለዚህ የሚያወጣውን ገንዘብና ሰዓት ለቤተ ሙከራ ቢያውለው ይሻላል ባይ ነኝ።

ተማሪ፣ ቱሉ አውሊያ፦
አባታችን፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ቅሬው ያለው ሐይቅ ነው፤ ልጅዎን ግን የዩኒቨርሲቲ ምደባው የት እንደሚጥለው አይታወቅም። እኔ ከቤተሰቤ ርቄ ስመጣ የተቀበሉኝ የሃይማኖት ጓደኞቼ ናቸው፤ የኦርቶዶክስ ተማሪዎች ግቢ ጉባኤውም ሆነ የሙስሊም ተማሪዎች ጀመዓው የታመመ ሲጠይቅና የተቸገረ ሲረዳ ስለማይ ውለታቸውን አልክድም። ሆኖም የወጪ መጋራት ውል ስንፈርም ማንም አላስረዳንም። ወረፋው ረጅም ስለነበረ ጣት የተጠቆመበት ቦታ ላይ ፈርመን አለፍን፤ የምግቡንና የመኝታውን ወጪ እንዲሁም የትምህርቱን ከፊል ከሥራ በኋላ ለመክፈል መስማማታችንን ያወቅነው ዘግይተን ነው። ቅሬም ጀመዓም ውል ማንበብ አያስተምሩም፤ የሚያሳዝነው ኮርሱም አላስተማረንም።

የባንክ ሠራተኛ፣ ወልዲያ፦
የእህታችን ነጥብ መሠረታዊ ነው። አዲስ ተመራቂዎች ለሥራ ሲመጡ፣ ከደመወዛቸው ለጡረታ 7 በመቶ ተቆርጦ አሠሪው 11 በመቶ እንደሚጨምርላቸው፣ ከዚያም የሥራ ግብር እንደሚነሣ የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው፤ የመጀመሪያውን ደመወዝ ሲቀበሉ «ጎደለብን» ብለው የሚከራከሩ አሉ። የባሰው ግን ለጓደኛ ዋስ ሆኖ መፈረምን እንደ ይሉኝታ እንጂ እንደ ዕዳ አለማየታቸው ነው። ውልና ገንዘብን የሚመለከት ትምህርት በመጨረሻው ዓመት ቢሰጥ መልካም ነበር፤ ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ያንን ዓመት የመውጫ ፈተና ስለያዘው ሰዓቱ ከየት እንደሚገኝ እጠይቃለሁ።

ተማሪ፣ ኮምቦልቻ፦
ወደ ጥያቄው ልመለስና፣ መምህር፣ ግዴታና ነጥብ ተነጣጥለው ሊታዩ ይችላሉ። በአሜሪካው የል ዩኒቨርሲቲ በ2010 ዓ.ም. ላውሪ ሳንቶስ የተባለች የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር ስለ መልካም ኑሮ ማስተማር ስትጀምር 1,200 ያህል ተማሪ ተመዝግቦላታል። እርሷ ግን ተማሪዎቿ ደረጃ ባለው ውጤት ሳይሆን «አለፈ» ወይም «ወደቀ» በሚለው ብቻ እንዲመዘገቡ ታበረታታ ነበር፤ ከፍተኛ ነጥብ ደስታን አይጨምርም እያለች እያስተማረች በነጥብ ብታወዳድራቸው ከትምህርቷ ጋር በተጋጨ ነበር።

የሥነ ልቦና መምህር፣ ደሴ፦
እነዚያ ተማሪዎች ወደ ክፍሉ የገቡት መርጠው ነው፤ የእኛዎቹ ታዘው ነው፤ ንጽጽሩ ሙሉ በሙሉ አይሠራም። ቢሆንም ማለፍ ግዴታ ሆኖ ነጥቡ በምደባ ላይ እንዳይቆጠር የሚለውን ሐሳብ በሁለት ቅድመ ሁኔታ እደግፋለሁ። አንደኛ፣ የማለፊያው መስፈርት የሽምደዳ ፈተና ሳይሆን ተማሪው የሚሠራው ሥራ ይሁን፤ የአንድ ወር ወጪውን መዝግቦ ያምጣ፣ የራሱን የወጪ መጋራት ውል አንብቦ ግዴታዎቹን በራሱ ቃል ይጻፍ። ገንዘቡን በምን ላይ እንዳዋለ አይታረምበትም፤ መመዝገቡ ብቻ ይታያል። ሁለተኛ፣ ከመቶ በላይ ተማሪ በሚቀመጥበት አዳራሽ ይህን መከታተል ስለማይቻል ተማሪዎቹ በአነስተኛ ክፍሎች ይከፋፈሉ፤ ለዚህም ተጨማሪ መምህር ይመደብ።

ተማሪ፣ ቱሉ አውሊያ፦
በመጀመሪያው እስማማለሁ። ሁለተኛው እስኪሟላ ከተጠበቀ ግን ብዙ ተማሪ ውሉን ሳያነብ ይመረቃል፤ ስለዚህ የውሉ ንባብ በምዝገባው ዕለት፣ ከፊርማው በፊት ይጀመር።