ተማሪው ጨዋ የሆነበት፣ መማር የሚፈልግበት ትምህርት ቤት የት ነው ያለው?

የፊዚክሷ፦
ሰላም መምህራን እንዴት ናችሁ። አዲስ አበባ አንድ የመንግስት ሁለተኛ ደረጃ ላይ 9ኛና 10ኛ ፊዚክስ ነው የማስተምረው፣ እውነቱን ለመናገር ሰልችቶኛል። ክፍል ስገባ ግማሹ ይነሳል ግማሹ ስልኩ ላይ ነው፣ ለኔ አለመነሳታቸው እንኳን ብዙም አይደለም፣ ትምህርቱን ቢፈልጉት ተኝተውም ቢሰሙኝ ደስታዬ ነው። ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ከኋላ የቤቲንግ ኦድ ይሰላል፣ የሚገርመው እሱ ላይ ማባዛት አያቅታቸውም! ተቆጣሽ ሲባል ደሞ ወላጅ ሳይሆን ሰፈሩ ነው የሚመጣብሽ። አሁን ዝውውር ልሞላ ነው። የማስበው ወይ ግል ወይ ክፍለ ሀገር ወይ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። የሞከራችሁ ንገሩኝ፣ የት ነው ልጆቹ የሚያከብሩትና መማር የሚፈልጉት? ደሞ ከመግባቴ በፊት በምን ልወቅ?

መምህር ዘገጠር፦
እህቴ እኔ ጉራጌ ዞን ገጠር ውስጥ ነው የማስተምረው። ክብር ካልሽ እዚህ ነይ፣ መንገድ ላይ ካገኙሽ ደብተርሽን ተቀብለው ይሸከሙልሻል፣ እናቶቻቸው ቡና ሳይጠጣ አያልፍም ይሉሻል፣ አባቱ ደሞ "ልጄን ግረፍልኝ" ብሎ ነው የሚሰጥሽ (አትግረፊ፣ ክልክል ነው)። ግን ስሚኝ፣ ክብርና የመማር ፍላጎት ሁልጊዜ አብረው አይመጡም። "ገባችሁ?" ስትያቸው ክፍሉ በአንድ ድምፅ "አዎ ቲቸር" ይላል፣ ፈተናውን ስታርሚ ግን አንድም አልገባቸውም፣ ጥያቄ መጠየቅ ራሱ መድፈር ይመስላቸዋል። እኔ አንድ ዘዴ አገኘሁ፣ ጥያቄያቸውን ስም ሳይጽፉ በብጣሽ ወረቀት ሰጥተውኝ እንዲወጡ አደርጋለሁ፣ እዛ ላይ ነው ጉዱ የሚወጣው። ሌላው፣ መስከረም ላይ ትምህርት ተጀመረ ቢባልም መስቀል ሳያልፍ ክፍል ይሞላል ብለሽ እንዳታስቢ፣ የገበያ ቀንም እንደዛው። ጎበዞቹ ደሞ 8ኛን ሲጨርሱ አጎታቸው ጋ አዲስ አበባ ሱቅ ይገባሉ፣ አልፈርድባቸውም፣ ዲግሪ ይዞ ሰፈር የተቀመጠውን ታላቅ ወንድማቸውን እያዩ ነው ያደጉት።

ሆምሩም 7ለ፦
ግል ነኝ። የቤት ስራ ይሰራል፣ ዩኒፎርም ንጹህ ነው፣ "ሚስ፣ ሚስ" ሲሉሽ ደስ ይላል። ችግሩ ሁሉም ነገር ለማርክ ነው። ከ10 8 ያገኘ ልጅ እናቱ ማታ ቴሌግራም ላይ ሁለቷ የት ሄደች ብላ ትጠይቅሻለች፣ ዳይሬክተሩም ከፋይ ስለሆነች ከሷ ጋር ነው። ልጁም ይሄን ያውቀዋል፣ ክብሩ እስከምትቆጪው ድረስ ነው። ደሞ ሁሉም ግል አንድ አይደለም፣ አንዳንዱ ስሙ ብቻ ነው አካዳሚ።

አንድ ሱፐርቫይዘር፦
አዳሪዎቹን ማንም ስላላነሳ ልጨምር። እንደ መቀሌው ቃላሚኖ ወይም የኦሮሚያ ልማት ማህበር አዳሪ ያሉት በፈተና መርጠው ነው የሚቀበሉት፣ ስለዚህ ፍላጎቱን ይዞት ነው የሚመጣው። የ12ኛ ፈተና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2014 በአገር ደረጃ ግማሹንና ከዛ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4። ያን ጊዜ ጎልተው የወጡት በብዛት አዳሪና ልዩ ትምህርት ቤቶች ናቸው። ግን ቦታው ጠባብ ነው፣ መምህሩም ተፈትኖ ነው የሚገባው፣ ከገባሽ በኋላ ደሞ ልጆቹ ከመጽሐፉ ውጭ ይጠይቁሻል፣ ሳትዘጋጂ መግባት የለም።

በምን ልወቅ ላልሽው፣ ስለ ተማሪው አትጠይቂ፣ ደወል ከተደወለ በኋላ ስታፍ ሩም ውስጥ ስንት መምህር ቁጭ ብሎ እንደቀረ እዪ። መምህሩ አስር ደቂቃ ዘግይቶ በሚገባበት ግቢ ጨዋ ተማሪ አትፈልጊ። በር ላይ ሻይ የምትሸጠዋን ጠይቂያት፣ አጥር ዘለው የሚወጡት በስንት ሰዓት እንደሆነ ከርዕሰ መምህሩ በላይ እሷ ታውቃለች።

የማታው፦
የቀኑን ብቻ ታወራላችሁ እንጂ እኔ ማታ ነው የማስተምረው፣ በዚህ ጉዳይ ማታን የሚያህል የለም። ከ12 ሰዓት በኋላ የሚመጡት የቤት ሰራተኞች፣ ጥበቃዎች፣ ሱቅ ውስጥ የሚሰሩ ናቸው፣ ቀኑን ሙሉ ቆመው ውለው ነው የሚመጡት። አንዷ እመቤቷ ጋ እንግዳ ስላለ ስትቀር የጓደኛዋን ደብተር ገልብጣ ነው በማግስቱ የምትመጣው። ይህቺው ልጅ አንድ ቀን "ቲቸር ምጣዱና ስቶቩ አንድ ላይ ሲሰኩ ለምንድነው ብሬከሩ የሚወርደው?" አለችኝ። ያቀድኩትን ትቼ 3500 ዋቱን ለ220 ቮልት አካፍለን ምጣዱ ብቻውን ወደ 16 አምፒር እንደሚስብ ሰራን፣ ስቶቩን ሲደምሩበት ብሬከሩ ከሚችለው በላይ ሆነ፣ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፣ ሁሉም ቤቱ የደረሰበት ነው። እውነት ለመናገር እንቅልፍ የሚጥላቸው አሉ፣ መቅረትም ብዙ ነው፣ ክፍያውም የረባ አይደለም። ግን ስልክ የሚነካካ የለም።

የፊዚክሷ፦
የምጣዷን ነገር ነገ ቀኑ ላይ ልሞክራት ነው 😄 ዘገጠር የብጣሽ ወረቀቷንም ወስጃለሁ፣ የኔዎቹ አያፍሩም ግን ጓደኛ ፊት "ጎበዝ ነኝ ባይ" መባልን ይፈራሉ። ዝውውሩን ለጊዜው ልያዘውና ማታ ልጨምር እያልኩ ነው። የማታው፣ ለማታ ትምህርት የሚመድበው ርዕሰ መምህሩ ነው ወይስ ክፍለ ከተማ ድረስ ማመልከት አለብኝ?

የማታው፦
እኛ ጋ ርዕሰ መምህሩ ነው፣ አንቺም ከራስሽ ርዕሰ መምህር ጀምሪ። ፊዚክስ ማታ ሰው ብዙ አይገኝም፣ ግን በሰኔ ጠይቂ፣ መስከረም ከሆነ ተይዞ ታገኚዋለሽ።