በአለቃዬ ላይ አቤት ብዬ እኔን ሊያዛውሩኝ ነው፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ (የማርቆሷ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ማርቆስ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ንብረት ክፍል እሠራለሁ። አራት ዓመቴ ነው። የክፍል ኃላፊዬ ከጥር ጀምሮ አላስቀምጥ ብሎኛል። መጀመሪያ ማታ ማታ በቴሌግራም "ገባሽ ወይ?" ነበር። ከዚያ "ለብቻችን ምሳ እንብላ"፣ ቀጥሎ ስቶር ውስጥ እጄን መያዝ። እምቢ ስል ከትርፍ ሰዓት ዝርዝር አወጣኝ፤ የደረጃ ዕድገት ሲመጣም ከእኔ በኋላ የገባ ልጅ ተመደበ። ከሦስት ሳምንት በፊት ለሰው ኃይል ክፍል በቃሌ ተናገርኩ። ሥራ አስኪያጁ ጠርቶ "ገመና ወደ ውጭ አይወጣም፣ ሽማግሌ ይቀመጥና ይቅር ተባባሉ" አለኝ። ትናንት ደግሞ ወደ ዳንግላ ቅርንጫፍ "በፈቃዴ ተዛውሬያለሁ" የሚል ወረቀት ፈርሚ አሉኝ። ኃላፊዬ ግን ከወንበሩ አልተነሳም። እናቴ ታማ ማርቆስ ናት፣ ጥያት መሄድ አልችልም። ባለፈው ሐሙስ እንኳ "ብትስማሚ ሁሉም ይስተካከላል" ብሎ ጽፎልኛል። ልፈርም? ወይስ ለቅቄ ልገላገል?

የቡሬዋ፦ እታለም፣ አትፈርሚ። ተናደሽም መልቀቂያ አትጻፊ። እኔ በሌላ ድርጅት ተመሳሳይ ነገር ደርሶብኝ "በግል ምክንያት ለቅቄያለሁ" ብዬ ሁለት መስመር ጽፌ ወጣሁ። በኋላ ልከስ ስል ያቺው ወረቀት መጣችብኝ። ምክንያቱን እኔው በእጄ ሌላ አድርጌዋለሁ፣ ምን ልበል? እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ጋሽ የደጀኑ፦ ልጄ፣ ሽማግሌን አትናቂ። ክስ ዓመት ይፈጃል፣ ስምሽም በከተማው ይነሳል። ሰውየው ይቅርታ ከጠየቀሽና ከአጠገብሽ ዘወር ካለ ምን ትፈልጊያለሽ?

የቀድሞ የሰው ኃይል ሠራተኛ፣ ባህር ዳር፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ አልስማማም። ሽምግልና ለመሬት ወሰንና ለደም ትልቅ ነገር ነው፣ እኔም ያደግሁት በእሱ ነው። እዚህ ግን አንዱ አለቃ ነው፣ ሌላዋ ደመወዟ በእሱ እጅ ያለ ሠራተኛ። እኩል ያልሆኑ ሰዎችን "ይቅር ተባባሉ" ማለት ልጅቷን ዝም ማሰኘት ነው።

ዘጠኝ ዓመት እዚህ ሥራ ላይ ነበርኩ። ብዙ ድርጅት አቤቱታ ሲመጣበት መጀመሪያ የሚያስበው "እውነት ነው ወይ?" ብሎ አይደለም፣ "ማን ቢሄድ ይቀለናል?" ብሎ ነው። አለቃው ሥራውን ያውቃል፣ ደንበኛ ያውቃል፣ አንዳንዴም የባለቤቱ ዘመድ ነው፤ ስለዚህ የምትነሳው ልጅቷ ትሆናለች፣ በቃል የተነገረውም አቤቱታ እንዳልተነገረ ይቆጠራል። እኔም አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ የዝውውር ደብዳቤ በእጄ ጽፌያለሁ። ስህተት ነበር፣ አሁንም ይከብደኛል። በደንብ የሚሠራ ድርጅት አቤቱታውን በጽሑፍ ተቀብሎ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ማጣራቱ እስኪያልቅ ተከሳሹን ከእሷ ይለያል፣ ሁለቱንም ለየብቻ ሰምቶ ቃለ ጉባኤ ይይዛል፣ ውሳኔውንም በደብዳቤ ያሳውቃል።

ስለዚህ ነገ ጠዋት በሁለት ቅጂ ጻፊ። አንዱን መዝገብ ቤት አስገቢ፣ ሁለተኛው ላይ ቀንና ማኅተም አስደርጊ። አንቀበልም ካሉ በፖስታ ቤት በአደራ ላኪ፣ ደረሰኙን ያዢ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

ጠበቃ ነኝ፦ ከላይ የተባለውን ላጠናክር። አንቺን የሚመለከተው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አንቀጽ 14 አሠሪው ወይም የሥራ መሪው በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳ ወይም ጥቃት እንዳይፈጽም ይከለክላል፣ በፆታ ማበላለጥንም እንዲሁ። አንቀጽ 26 ደግሞ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረብ ለስንብት ምክንያት እንደማይሆን ይናገራል።

"በፈቃዴ" የምትለዋን ቃል ለምን እንደፈለጓት ገባሽ? የሥራ ቦታ የሥራ ውሉ አካል ነው። ውልሽ ማርቆስ የሚል ከሆነና የኅብረት ስምምነቱ (የሠራተኛ ማኅበርና አሠሪ የሚፈራረሙት) ወይም የሥራ ደንቡ ሌላ ካላለ፣ ለመቀየር የአንቺ የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል። ውልሽን አውጥተሽ እይው።

መልቀቅ ከፈለግሽም መንገድ አለው። በአንቀጽ 32 መሠረት አሠሪው ወይም የሥራ መሪው ትንኮሳ ከፈጸመብሽ ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን ማቋረጥ ትችያለሽ፤ ከሥራ ስንብት ክፍያው ሌላ የቀን ደመወዝሽ በ90 ተባዝቶ ካሳ ይከፈልሻል። ነገር ግን ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ከቆመ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀምሽበት መብቱ ያልፋል። የሐሙሱ መልእክት ስላለ ከዚያ ቁጠሪ፣ ግን አትዘናጊ። ሌላም ነገር አለ፤ የሥራ መሪ የሚባለው ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማሰናበት ወይም የመሳሰለው ሥልጣን ያለው ነው። ኃላፊሽ ይህ ሥልጣን እንዳለው ሳታረጋግጪ በዚህ አንቀጽ አትውጪ።

ቢያባርሩሽ ወደ ሥራ ለመመለስ በ3 ወር ውስጥ፣ ክፍያ ለመጠየቅ በ6 ወር ውስጥ መክሰስ አለብሽ። ሠራተኛ በሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም።

ጋሽ የደጀኑ፦ የ15 ቀኑን ነገር አላውቅም ነበር። እንዲህ ከሆነ ሽማግሌ ሲመላለስ ቀኑ ያልፍባታል ማለት ነው። ልጄ፣ እነሱ ያሉትን ስሚ።

ጠያቂ (የማርቆሷ)፦ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ሌሊቱን ሙሉ ሳነብ አደርኩ። ስቶር ውስጥ ያየ ሰው ግን የለም። ማስረጃ ምን ላቅርብ?

የቡሬዋ፦ የቴሌግራሙን ሁሉ ስክሪንሾት አንሺ፣ ቀኑና ስሙ ይታይ። እሱ ከራሱ በኩል ካንቺም ስልክ ላይ ሊያጠፋው ይችላል፣ አሁኑኑ አድርጊው። ለእህትሽም ላኪላት።

ጠበቃ ነኝ፦ ልክ ናት። ድርጊቱ የተፈጸመብሽን ቀን፣ ሰዓትና ቦታ የምትጽፊበት አንድ ደብተር ያዢ። የትርፍ ሰዓት ዝርዝሩን ከጥር በፊትና በኋላ ፎቶ አንሺ፤ በቀሉ የሚታየው እዚያ ላይ ነው። ያኔ የነገርሻት ጓደኛ ካለች እሷም ምስክር ናት። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፣ ወረቀቶችሽን ይዘሽ ሂጂ። የሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪ ዘንድም አመልክቺ።

የቀድሞ የሰው ኃይል ሠራተኛ፣ ባህር ዳር፦ ለደብዳቤው መነሻ ይሁንሽ፦ "ከጥር ወር ጀምሮ የክፍል ኃላፊዬ የፈጸመብኝን ወሲባዊ ትንኮሳ በቃል ባሳውቅም ምላሽ አላገኘሁም። ዝውውሩን አልተስማማሁበትም። ጉዳዩ እንዲጣራ፣ እስኪጣራም ከእሱ አመራር ሥር እንድወጣ፣ ውጤቱም በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ አመለክታለሁ።" ሥር ላይ የተፈጸመውን በየቀኑ ዘርዝሪ። ስድብ አታስገቢ። ማኅተሙን ስታገኚ ጻፊልን።